በጽሑፍ ያለ ይወረሳል

«በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» የሚለው ብሂል በተነሣ ቁጥር በዓይነ ኅሊናዬ የሚመጣው ብራና ነበር፤ ገድል፣ ድርሳን፣ ቢያንስ ቢያንስ አያት ለልጅ ልጅ የተዉት የርስት ውል። የሐራጅ ማስታወቂያም ከሚወረሱት ጽሑፎች አንዱ መሆኑን ያወቅሁት ባለፈው ዓመት በ2017 ነው። ያስተማሩኝም አንድ የመርካቶ ሸራ ነጋዴ ናቸው።

የምሠራው አዲስ ከተማ ውስጥ፣ ከሸራ ተራ የአሥር ደቂቃ መንገድ በሚሆን አንድ የባንክ ቅርንጫፍ ነው። መርካቶን በመስኮት ነው የማውቃት ብል ማጋነን አይሆንብኝም። ከበርበሬ ተራ የመጣ ብር ያስነጥሳል፤ ከብረት ተራ የመጣው የዝገት ሽታ አለው፤ ከእህል በረንዳ የመጣው ሲቆጠር ዱቄት ይበናል። ቀን ብር እቆጥራለሁ፣ ማታ ስንኝ እቆጥራለሁ። የመጀመሪያው ሲጎድል ከደመወዜ ይቆረጣል፤ ሁለተኛው ሲጎድል ግን እስካሁን የጠየቀኝ የለም።

ነጋዴውን ጋሼ እላቸዋለሁ። ስማቸውን እዚህ አልጽፍም፤ ምክንያቱን አንባቢ እየቆየ ይረዳዋል።

ሚያዝያ ውስጥ ነበር። ዓርብ ቀን፣ የአንዋር መስጊድ የጁምዓ ሰዓት ሲቃረብ ወረፋችን የሚሳሳበት ጊዜ። ጋሼ እንደ ወትሯቸው ቼክ አላወጡም። ከደረት ኪሳቸው አራት ቦታ የታጠፈ ወረቀት አውጥተው በመስኮቱ ሥር ሰደዱልኝ። በሰማያዊ እስክሪብቶ የተጻፈ ረጅም የድረ ገጽ አድራሻ ነው፤ ነጥቡ፣ ሰረዙ፣ ቁጥሩ ሁሉ በጥንቃቄ የተገለበጠ።

«ይኸ ነገር እንዴት ነው የሚጠፋው?» አሉኝ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

«ምንድን ነው ጋሼ?»

«አንተው እየው። እኔ ደግሜ ላየው አልፈልግም።»

በምሳ ሰዓት በስልኬ ከፈትኩት። የሐራጅ ማስታወቂያ ነው። ባንኩ በአዋጅ ቁጥር 97/1990 በተሰጠው ሥልጣን መሠረት ለሰጠው ብድር በመያዣነት የያዘውን ቤት በሐራጅ እንደሚሸጥ ይገልጻል። ከዚያ የተበዳሪው ስም እስከ አያት፣ የቤቱ አድራሻ፣ የካርታው ቁጥር፣ የቦታው ስፋት፣ የመነሻው ዋጋ፣ ቀንና ሰዓቱ። ዓመቱ 2009 ነው። ሁለተኛው አንቀጽ ላይ ስደርስ የጎረስኩት ጉሮሮዬ ላይ ቆመ። ጽሑፉን የጻፍኩት እኔ ነበርኩ።

በዚያ ዓመት የባንኩ ዋና መሥሪያ ቤት ውስጥ፣ በብድር ክፍል፣ ገና አዲስ ጸሐፊ ነበርኩ። ማስታወቂያዎቹ አንድ ዓይነት ቅርጽ አላቸው፤ ስሙንና ቁጥሩን መቀያየር ብቻ ነው። አሥር ጽፌ አሥራ አንደኛውን ስጀምር የመጀመሪያውን ረስቼው ነበር። ይህኛውን ግን ከሌሎቹ የምለይበት አንድ ምልክት ነበረኝ። በጋሼ ስም ውስጥ አንዲት ንጉሡ ሠ አለች። በዘመናችን ስልክና ኮምፒዩተር ላይ የሚቀናው እሳቱ ሰ ስለሆነ ንጉሡ ከአገልግሎት የወጣ ያህል ሆኗል። እኔ በዚያ ዕድሜዬ የፊደል ጠበቃ ነበርኩ፤ የብድር ፋይሉን አገላብጬ፣ ከመታወቂያቸው ላይ አይቼ፣ ስማቸውን በንጉሡ ሠ በትክክል ጻፍኩት። ያን ጊዜ ለሰውዬው ክብር የሰጠሁ መስሎኝ ነበር!

የጋሼ ታሪክ አጭር ነው። በ2008 ያስመጡት ሸቀጥ መንገድ ላይ ተንጓተተ፤ የብድሩ ወለድ ግን አልተንጓተተም። ባንክ ፍርድ ቤት ሳይሄድ መያዣውን በሐራጅ እንዲሸጥ የሚፈቅደው አዋጅ ለተበዳሪው ቢያንስ የሠላሳ ቀን ማስጠንቀቂያ እንዲሰጠው ያዝዛል። ማስጠንቀቂያው ደረሳቸው፣ ሠላሳው ቀን አለፈ፣ ማስታወቂያው በጋዜጣ ወጣ። ሐራጁ ሦስት ቀን ሲቀረው ጋሼ መኪናቸውን ሸጠው፣ የባለቤታቸውን ወርቅ አክለው፣ ከወንድማቸው ተበድረው ዕዳውን ከነወለዱ ዘጉ። ሐራጁ ተሰረዘ። ባንኩ ዕዳ እንደሌለባቸው ጻፈላቸው፤ ከካርታው ላይ የመያዣው ምዝገባ እንዲነሣም ደብዳቤ ሰጣቸው። እስከዚህ ድረስ ሁሉም ነገር ደንቡን ተከትሎ ሄዷል።

ለመያዣው መነሣት ደብዳቤ አለ፤ ለማስታወቂያው መነሣት ግን ደብዳቤ የለም። ማንም ስላላሰበው አይደለም፤ ስላላስፈለገ ነው። ጋዜጣ የራሱ መርሻ ነበረውና። በመርካቶ ያደገ ሰው ይህን ያውቃል። ትናንት ያስደነገጠ ዜና ዛሬ ቆሎ ይጠቀለልበታል። የሐራጅ ማስታወቂያ በርበሬ ይቋጠርበታል፣ መስታወት ይለበጥበታል፣ ዝናብ የገባበት ጫማ ውስጥ ይጠቀጠቃል። ምናለሽ ተራን ያየ ሰው መርካቶ ምንም ነገር እንደማትጥል ይመሰክራል፤ ግን አንድን ነገር እንደነበረ አታቆየውም። በርሜሉ ምድጃ ይሆናል፣ ጎማው ጫማ ይሆናል፣ የጋሼ ስም ያለበት ወረቀትም የአንዲት እናት የሽሮ እሽግ ይሆንና ማታ ምድጃ ውስጥ ይገባል። ይህ ሕግ ያልጻፈው ምሕረት ነበር።

በኢንተርኔት ግን ከየጋዜጣው የጨረታና የሐራጅ ማስታወቂያ እየለቀሙ የሚያወጡ ድረ ገጾች አሉ። ጠቃሚ ናቸው፤ ተጫራች ሁሉ ይጠቀምባቸዋል፤ እኔም እጠቀማለሁ። የጋሼን ማስታወቂያ ከእነዚህ አንዱ ከጋዜጣው ገልብጦ በፊደል ጽፎ አስቀምጦት ኖሯል። ሐራጁ ሲሰረዝ ይህንን ለድረ ገጹ የነገረው የለም። ስምንት ዓመት ሙሉ «ቤታቸው ይሸጣል» እያለ ተቀምጧል።

ለካ ያገኘችው ልጃቸው ናት።

ነገሩን ደጋግሜ ባስበው የሚያስገርመኝ ይህ ነው። ልጅቷ አባቷን ልትሰልል አልፈለገችም። ከዩኒቨርሲቲ ተመርቃ ሥራ እያፈላለገች ነበር። ቀጣሪዎች የአመልካችን ስም ኢንተርኔት ላይ ይፈትሻሉ ሲባል ሰምታ፣ እስቲ የእኔ ምን ይላል ብላ የራሷን ስም፣ በዲግሪዋ ላይ እንደተጻፈው አድርጋ ጎግል ላይ ጻፈች። እኛ ኢትዮጵያውያን የቤተሰብ መጠሪያ የለንም፤ የምንጠራው በአባትና በአያት ነው። ከልጅቷ ስም ሦስት ቃላት ሁለቱ የአባቷና የአያቷ ናቸው። የፍለጋው መሣሪያ ሦስቱን አንድ ላይ ቢያጣ ሁለቱን ይዞ መጣ፤ ከሁሉ በላይ ያስቀመጠውም ሐራጁን ነው። ቤታቸው ሊሸጥ እንደነበር እስከዚያ ቀን አታውቅም ነበር። በ2009 የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ነበረች፤ እናቷ ወርቋን ለምን እንደማታደርግ ስትጠይቅ «ሌባ ወሰደው» ተብላለች።

«አልቆጣችም» አሉኝ ጋሼ። «ወረቀቱን ጽፋ ሰጠችኝና "አባዬ፣ ይኸን አስጠፋው" አለችኝ። በቃ። እንደ እሱ ባትለኝ፣ ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር።»

ሌላም ጥርጣሬ ነበራቸው። ከአባቱ ጋር ሃያ ዓመት በዱቤ የሠሩት አስመጪ ሞቶ ልጁ ቦታውን ከያዘ ወዲህ ዕቃ የሚሰጣቸው በካሽ ብቻ ነው። ምክንያቱን አልነገራቸውም፤ እሳቸውም አልጠየቁም። መርካቶ ውስጥ ዱቤ የሚሰጠው በስም ነው፤ ውልም ምስክርም የሌለበት ብዙ ዕዳ «የእገሌ ልጅ ነው» በሚል ብቻ ይከፈላል። ወጣቱ አስመጪ ስልኩን አይቶ ይሁን፣ ዘመኑ ጨክኖ ይሁን፣ እኔም አላውቅም። «ስም ከመቃብር በላይ ይውላል» ይባል የለ? ስም ገና ከመቃብር በፊትም የራሱን ሥራ ይሠራል።

በአገራችን ባለዕዳን በአደባባይ ማሳፈር አዲስ ነገር እንዳልሆነ አውቃለሁ። «ቁራኛ» የሚለው ቃላችን ከዚያ የመጣ ነው። በቀድሞው ሥርዓት ባለገንዘብና ባለዕዳ በአንድ ሰንሰለት ተቆራኝተው በከተማው ይዞሩ ነበር፤ የቆዩ ፎቶግራፎች አሉ፣ ሁለት ሰዎች እጅ ለእጅ ታስረው ካሜራውን ሲመለከቱ። ጭካኔ ነው። ግን ሁለት ነገር ነበረው። አንደኛ፣ ባለገንዘቡም አብሮ ይታሰር ነበር፤ ዕዳው እስኪከፈል እሱም ወደ ቤቱ አይገባም። ሁለተኛ፣ ዕዳው በተከፈለ ቀን ሰንሰለቱ ይፈታል፤ ሕዝብም መፈታቱን ያያል። የጋሼ ቁራኛ ግን ሌላው ጫፍ ላይ ማንም አልታሰረበትም፤ ባንኩም ጋዜጣውም ድረ ገጹም እኔም ወደየቤታችን ገብተን ነበር።

እናም ሥራ ጀመርን።

አስቀድሜ አንድ ነገር ላስረዳቸው ሞከርኩ፤ ለራሴም ገና ከዚያ በፊት ባለው ሌሊት ነበር የገባኝ። ጎግል ጽሑፉን አልጻፈውም፣ አላስቀመጠውምም። እሱ እንደ መርካቶ ደላላ ነው፤ ዕቃው ያለበትን ሱቅ ይጠቁማል እንጂ ሱቁ የእሱ አይደለም። ስለዚህ ደላላው ዝም ቢል ዕቃው ሱቁ ውስጥ አለ፤ ሱቁ ዕቃውን ቢጥለውም ደላላው ሳያውቅ ሰው መላኩን ለጥቂት ጊዜ ይቀጥላል። ጋሼ ይህን ከእኔ ቀድመው ተረዱ። «እንግዲያው መጀመሪያ ባለሱቁ ጋ ነዋ!» አሉ።

ባለሱቁ አንድ ፎቅ ላይ ያለች ጠባብ ቢሮ ሆና ተገኘች። ያነጋገረን ወጣት ጨዋ ነው፤ ለጋሼ ወንበሩን ለቀቀላቸው። ግን «እኛ የጻፍነው ነገር የለም፤ ጋዜጣ ላይ የወጣውን ነው ያስቀመጥነው» አለ። ውሸት አልተናገረም። ማስታወቂያውን ያወጣው ባንክ ሐራጁ መሰረዙን በደብዳቤ፣ በማኅተም ቢገልጽ እንደሚያነሣው ነገረን። በየቀኑ ስንቱ መጥቶ «ይህን አንሡልኝ» እንደሚላቸው ሲያጫውተን አብዛኛው ዕዳውን ያልከፈለ ነው አለና ሳቀ። ጋሼ አልሳቁም።

ባንኩ ጋ ያለው ውጣ ውረድ ብዙ ቀን ወሰደ፤ ያሠለቻችኋልና አልዘረዝረውም። «ዕዳ የለባቸውም» የሚል ደብዳቤ መጻፍ የተለመደ ነው፤ «የዚህ ቀን ማስታወቂያ ከዛሬ ጀምሮ የሚያገለግል አይደለም» የሚል ግን በማንም ሥራ ዝርዝር ውስጥ የለም። በመጨረሻ አንዲት የሥራ ኃላፊ «ረቂቁን አንተ ጻፈውና አምጣው፣ አየዋለሁ» አሉኝ። ማስታወቂያውን የጻፈው እጅ ማስተባበያውንም ጻፈ። በዚያ ማታ ግጥም ለመጻፍ የማልቀመጠውን ያህል ጊዜ በአንድ ገጽ ደብዳቤ ላይ ተቀመጥኩ። ስማቸውን በንጉሡ ሠ ጻፍኩ።

ደብዳቤውን ስሰጣቸው የተናዘዝኩላቸው ያኔ ነው። «ጋሼ፣ የመጀመሪያውንም እኔ ነኝ የጻፍኩት» አልኳቸው። ወረቀቱን ከዓይናቸው አራቅ አድርገው ያዙት፣ አነበቡት፣ መልሰው አጠፉት።

«አንተ ባትጽፈው ሌላው ይጽፈው ነበር» አሉ። ቀጥለውም፣ «ስሜን ግን አሳምረህ ነው የጻፍከው። የገዛ ልጆቼ እንኳ አጣመው ነው የሚጽፉት።»

ወጣቱ ገጹን ለማጥፋት የወሰደበት ጊዜ ሻይ ከማማሰል አይበልጥም። አንድ ጊዜ ተጫነ፣ ጠፋ። እዚያው ቆመን በጋሼ ስም ፈለግን። ይኸው አለ! ርዕሱ፣ ከርዕሱም ሥር «...በመያዣነት የያዘውን ቤት በሐራጅ...» የሚሉት ሁለት መስመሮች እንደነበሩ ናቸው። ስንነካው ግን ገጹ አልተገኘም ይላል። ጋሼ ረጅም ጊዜ ተመለከቱት። «ቤቱ ፈርሶ በሩ ቆሞ ቀረ» አሉ።

በእርግጥ ጎግል ገጹን በራሱ ጊዜ ተመልሶ ሲጎበኘው መጥፋቱን አይቶ ያወጣው ነበር፤ ግን ያ ጊዜ ቀናትም ወራትም ሊሆን ይችላል። ለዚህ የተዘጋጀ ቅጽ አለ። ጊዜው ያለፈበት ይዘት እንዲታደስ መጠየቂያ ነው፤ የድረ ገጹ ባለቤት መሆን አያስፈልግም፣ ጠበቃም አያሻም። ገጹ ጨርሶ ከጠፋ አድራሻውን ማስገባት ይበቃል። ገጹ ኖሮ ውስጡ ብቻ ተለውጦ ከሆነ ደግሞ በፍለጋው ውጤት ላይ እየታየ ገጹ ላይ ግን የሌለ አንድ ቃል መጥቀስ ይጠየቃል። ጽሑፉ ገና በቦታው ያለ ከሆነ ግን ጥያቄው ውድቅ ይሆናል፤ ሱቁ ውስጥ ያለን ዕቃ ደላላው የለም እንዲል አታስገድደውም። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ነው የሚሳሳተው፤ ከመጨረሻው በር ይጀምርና ተመልሶ «አይሆንም አሉኝ» ይላል። እኛ በዕድል ከመጀመሪያው በር ስለጀመርን በአራተኛው ቀን መስመሮቹ ጠፉ።

በእነዚያ አራት ቀናት ሳነብ ነው የስፔናዊውን ሰው ታሪክ ያገኘሁት። ስሙ ማሪዮ ኮስቴሃ ጎንሳሌስ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1998 መጀመሪያ በባርሴሎና የሚታተመው «ላ ቫንጓርዲያ» ጋዜጣ ላይ ሁለት አጫጭር ማስታወቂያዎች ወጡበት፤ ለማኅበራዊ ዋስትና መክፈል የነበረበት ዕዳ ስላለ ንብረቱ በሐራጅ ይሸጣል የሚሉ። ያወጣው መንግሥት ነው፤ ዓላማውም ተጫራች እንዲበዛ። ዓመታት አለፉ፣ ጉዳዩ ተዘጋ፣ ጋዜጣውም የድሮ ገጾቹን ኢንተርኔት ላይ አዋለ። ሰውዬው ስሙን ሲፈልግ የሚመጣለት ሐራጁ ሆነ። ይህን ሳነብ ስለ ጋሼ የማነብ መሰለኝ፤ ጋሼን ለሐራጅ ያበቃው አዋጅ እንኳ የወጣው በዚያው በ1990 ዓ.ም. ነው።

ኮስቴሃ እ.ኤ.አ. በ2010 ለአገሩ የመረጃ ጥበቃ መሥሪያ ቤት አቤት አለ። መሥሪያ ቤቱ የሰጠው ውሳኔ እስካሁን የሚደንቀኝ ነው። ጋዜጣው ማስታወቂያውን ያወጣው በሕግ ታዝዞ ነውና አያጠፋም፤ ጎግል ግን በሰውዬው ስም ሲፈለግ ያንን ገጽ ማምጣቱን ያቁም አለ። ጎግል ተከራከረ። የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. ግንቦት 13 ቀን 2014 ለሰውዬው ፈረደ፤ መረጃው በወጣበት ቀን እውነት ቢሆንም እንኳ በጊዜ ብዛት አግባብነቱን ሊያጣ እንደሚችል፣ ሰውዬው በሕዝብ ኑሮ ውስጥ ያለው ቦታ ግን መመዘን እንዳለበት ተናገረ። በ2022 ደግሞ መረጃው ትክክል አለመሆኑን በግልጽ ማሳየት የቻለ ሰው ከአሳታሚው ጋር አስቀድሞ ተሟግቶ ማሸነፍ ሳይጠበቅበት ከፍለጋው እንዲወጣለት መጠየቅ እንደሚችል ወሰነ። በመሐሉ፣ በ2019፣ ይህ መብት ከኅብረቱ አገሮች ውጭ ላለው ዓለም ሁሉ የግድ እንደማይዘረጋ ተናግሯል። ሸራ ተራ እንግዲህ ከዚያ ወሰን ውጭ ነው።

የኮስቴሃ ዕጣ ግን ያሳዝናልም ያስቃልም። ዕዳው እንዲረሳለት ተሟግቶ አሸነፈ፤ በማሸነፉ ምክንያት ዛሬ በመላው ዓለም ያለ የሕግ ተማሪ ሁሉ ያ ሰው በ1998 ዕዳ እንደነበረበት ያውቃል። የጋሼን ስም ለምን እንዳልጻፍኩ አሁን ገባችሁ።

በእኛም አገር በ2016 ዓ.ም. የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ወጥቷል። ሰው ስለ ራሱ የተያዘ የተሳሳተ መረጃ እንዲታረም፣ እንዲሰረዝለትም የመጠየቅ መብት ሰጥቶታል፤ ተቆጣጣሪውም የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። ጋሼ ስለ አዋጁ ስነግራቸው «እና እኛ ለምን ስንለምን ከረምን?» አሉኝ። ደህና መልስ አልነበረኝም። ወጣቱ ቢሮው ውስጥ ወንበር የለቀቀላቸው አዋጁን ፈርቶ ሳይሆን ሽበታቸውን አክብሮ ነው።

አሁን ወደሚከነክነኝ ልምጣ። እኔ የድሮ ጋዜጣ ወዳጅ ነኝ። ከ1933 ጀምሮ የወጡትን የ«አዲስ ዘመን» ጥራዞች ማገላበጥ የመሰለ ደስታ የለኝም፤ ከርዕሰ አንቀጹ ይልቅ የምወደውም የጀርባውን ማስታወቂያ ነው። የቤት ኪራይ ስንት እንደነበር፣ ማን ከስሮ ማን እንደተነሣ፣ ሰው ምን ጠፍቶበት ምን እንደሚፈልግ የምማረው ከዚያ ነው። ሁሉም የራሱን ስም እየቀደደ ቢወስድ ለልጅ ልጆቻችን የሚቀረው የሹመት ዜና ብቻ ይሆናል። ከዚያም በላይ፣ የሕዝብ ገንዘብ የበላ ሰው «ጊዜው አልፏል» ብሎ ያንኑ ቅጽ ሲሞላ ይታየኛል። የድረ ገጹ ወጣት የሳቀው ሣቅ መሠረት ነበረው። ጋሼ ጋዜጣውንም እናናግር ብለውኝ ነበር። እኔ ነኝ ያስቀረኋቸው፤ በጋዜጣው ቤት ያለው የተቃኘ ገጽ እንደ ሥዕል የተቀመጠ ስለሆነ በስማቸው ሲፈለግ አልመጣም። በመዝገብ ቤት ይኑር። አንድ ቀን ስለ መርካቶ ነጋዴዎች ታሪክ የሚጽፍ ሰው ገጽ በገጽ እያገላበጠ ያግኘው፤ ለድካሙ የሚገባው ነው። ሥራ ለመቀጠር ስሟን የጻፈች ልጅ ደረት ላይ ግን አይለጠፍ። ስፔናዊው ያገኘው ፍርድም ከዚህ አይርቅም።

(እኔም የምደብቀው እንዳለኝ ላልዋሽ። ተማሪ ሳለሁ አንድ ድረ ገጽ ላይ ያወጣሁት የፍቅር ግጥም አለ፤ ቤት ይመታል፣ ሌላ ምንም አያደርግም። የይለፍ ቃሉን ከረሳሁት አሥር ዓመት አለፈኝ። ስሜን የፈለገ ሁሉ ያገኘዋል። ይህን ግን ለፍርድ ቤት አላቀርብም።)

በአምስተኛው ቀን ጋሼ መጡ። ከመስኮቱ ወዲህ ወጥቼ አጠገባቸው ቆምኩና ስማቸውን ሙሉውን በንጉሡ ሠ ጻፍኩ። መነጽራቸውን አድርገው ስልኩን ከእጄ ተቀበሉ። የሌላ አገር ሰው ስም፣ አንድ ሯጭ፣ የማይመለከታቸው የስም ዝርዝር መጣ። ወደ ታች ወረዱ፣ ወደ ላይ ወጡ።

«የለም?»

«የለም ጋሼ።»

«እኔስ?»

አልገባኝም ነበር። «እርስዎ ምን?»

«እኔ ራሴ የለሁም? አርባ ዓመት እዚህ ነግጄ፣ ሌላ ምንም የለም?»

«ምንም የለም» አልኳቸው። ኢንተርኔት ስለ እሳቸው ያውቅ የነበረው ያንን አንድ ነገር ብቻ ነበር። ስልኬን መለሱልኝ፣ «ይሁን» አሉና ወረፋ ያዙ፤ የሚያስገቡት ገንዘብ ነበራቸው።

ከዚያ በኋላ አንድ ማታ፣ ግጥሙ እምቢ ሲለኝ፣ ስማቸውን በሌላ አጻጻፍ ሞከርኩት። ማስታወቂያው ከዚያው ድረ ገጽ ተቀድቶ አንድ የቴሌግራም ቻናል ላይ ተለጥፏል። ለቻናሉ ባለቤት ሁለት ጊዜ ጻፍኩ፤ አልመለሰልኝም። የገለበጠው ሰው እንደ ዘመኑ በእሳቱ ሰ ስለጻፈው፣ ጋሼ ስማቸውን እንደሚጽፉት የሚጽፍ ሰው አያገኘውም። ለጋሼ እስካሁን አልነገርኳቸውም። ልጃቸው ግን፣ ከዲግሪዋ በስተቀር በሌላው ሁሉ፣ የአባቷን ስም የምትጽፈው በእሳቱ ሰ ነው።